ጨው፣ ስኳርና የእርሳስ ቁራጭ፦ ቦንዲንግን በሁለት ፔሬድ የምከልስበት መንገድ

«አዮኒክ ትራንስፈር፣ ኮቫለንት ሼሪንግ፣ ሜታሊክ የኤሌክትሮን ባሕር።»

ዘጠነኛ ክፍል ገብታችሁ ስለ ኬሚካል ቦንዲንግ፣ ማለትም አቶሞች እንዴት እንደሚተሳሰሩ፣ ብትጠይቁ ይህን መልስ በአንድ ትንፋሽ ታገኛላችሁ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ያወርዱታል። ከዚያ አንድ ማንኪያ ጨው አውጡና «እሺ፣ እዚህ ውስጥ ምኑ ከምኑ ጋር ነው የተያያዘው?» በሏቸው። ክፍሉ ጭጭ ይላል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የፈተና ሰሞን ክለሳውን መጀመሪያ ኖት መልሼ በማጻፍ ሞከርኩት። ቀጥሎ የድሮ ፈተና እያመጣሁ ማሠራት ጀመርኩ። ሁለቱም አልሠሩም። እንዲያውም ልጆቹ የያዙትን ስህተት ይበልጥ አጥብቀው እንዲይዙ ነው ያደረግኳቸው። አሁን ትርጉም አላስጽፍም። ዕቃ አስይዛቸዋለሁ። ዕቃው ሲመታ፣ ሲሞቅ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያያሉ። ስለ ትስስሩ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት ፔሬድ ይበቃል። በመሃላቸው ግን ሦስት አራት ቀን ይኑር፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። የኛ ፔሬድ 40 ደቂቃ ነው። ስም ጥሪውና ሰሌዳ መጥረጉ ሲወጣ 33 ደቂቃ ብላችሁ አስቡት።

ዕቃው

የተሟላ ላቦራቶሪ ያላችሁ ታድላችኋል። እኔ ሁሉንም በአንድ ፌስታል ይዤ ነው የምገባው። የገበታ ጨው፣ ስኳር፣ ሁለት ሻማ፣ ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ የመዳብ ሽቦ፣ በሁለቱም ጫፍ የተቀረጸ እርሳስ፣ እፍኝ አሸዋ፣ መዶሻ፣ ሁለት ያረጁ ማንኪያዎች። አሞሌ ጨው ከገበያ ካገኛችሁ አንድ ቁራጭ ያዙ። ጥሬ ሽምብራና ባቄላም ያስፈልጋል። ጥሬ! አንድ ዓመት ቆሎ ይዤ ገብቼ ገና ክሎሪን ላይ ሳንደርስ ኤሌክትሮኖቹ ተበልተው አለቁ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል አያስተላልፍም የሚለውን የምንፈትንበት መሣሪያ ነው። እዚህ ላይ እኔ የተዋረድኩትን እናንተ አትዋረዱ።

መጀመሪያ የሠራሁት በሁለት የባትሪ ድንጋይና በእጅ ባትሪ አምፖል ነበር። መዳቡ ላይ ቦግ አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ስከተው ግን ምንም የለም። ጨው ጨመርኩ። ምንም። 58 ልጅ ያየኛል። ከኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ጨው ኮቫለንት ነው ማለት ነው?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእጅ ባትሪ አምፖል ብዙ ከረንት ይፈልጋል፤ ጨዋማ ውሃ ያን ያህል አያሳልፍም። ስለዚህ ኤልኢዲ የምትባለውን ትንሽ ቀይ መብራት ተጠቀሙ፤ ለሷ ጥቂት ይበቃታል። ነገር ግን ኤልኢዲ ብቻውንም በሁለት ድንጋይ አይበራም። ጨዋማው ውሃ ከረንቱን ለማሳለፍ ብቻ ሁለት ቮልት ገደማ ይበላል፤ ቀይዋ ኤልኢዲ ደግሞ ወደ ሁለት ቮልት ትፈልጋለች። ሁለት ድንጋይ ያለው 3 ቮልት ነው፤ አይደርስም። አራት ማዕዘኗን ባለ 9 ቮልት ባትሪ ግዙ።

በሚቀጥለው ዓመት 9 ቮልት ይዤ ገባሁና ኤልኢዲዋን በቀጥታ ከመዳቡ ጋር አገናኘኋት። ለግማሽ ሴኮንድ በጣም አምራ በራችና ሞተች። ከረንቱን የሚገድብላት ሬዚስተር ያስፈልጋታል። 470 ኦም ጥሩ ነው። ቲቪ የሚጠግኑ ልጆች ዘንድ ከተበላሸ ቦርድ ላይ ነቅለው በነጻ ይሰጧችኋል። አሠራሩ፦

1. ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣውን ሽቦ ከሬዚስተሩ ጋር አያይዙ።
2. የሬዚስተሩን ሌላ ጫፍ ከኤልኢዲዋ ረጅም እግር ጋር አያይዙ። አቅጣጫው ከተገለበጠ አትበራም።
3. ከአጭሩ እግር አንድ ሽቦ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ሌላ ሽቦ ይውጣ። የሁለቱን ጫፍ ላጡት። የምትፈትኑት ነገር በነዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ይገባል።

የግድግዳ ሶኬት በምንም ምክንያት አይነካ። ይህን ለልጆቹም ደጋግማችሁ ንገሩ፤ ማታ ቤታቸው ሄደው የሚሞክሩ አይጠፉም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። የቧንቧ ውሃ ራሱ ትንሽ ያስተላልፋል፤ ኤልኢዲዋ ፈዛዛ ብርሃን ልታሳይ ትችላለች። ስኳሩን በሱ ብትበጠብጡ ነገሩ ይምታታባችኋል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሻላል። ስትገዙ ግን አይናችሁን ክፈቱ፤ በዚያው ሱቅ በተመሳሳይ ጀሪካን የባትሪ አሲድም ይሸጣል። እሱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ክፍል ውስጥ አይገባም። ጥርጣሬ ካላችሁ ውሃውን ተዉትና በቧንቧ ውሃ ሥሩ፤ መጀመሪያ ውሃውን ብቻ ፈትናችሁ ብርሃኑን አሳዩአቸው፣ ከዚያ ስኳሩ ሲገባ ከበፊቱ ይበልጥ መድመቅ አለመድመቁን ይዩ።

የመጀመሪያው ፔሬድ

ሰሌዳው ላይ ዕቃዎቹን ጻፉ፦ መዳብ፣ ደረቅ ስኳር፣ ስኳር በውሃ፣ ደረቅ ጨው፣ ጨው በውሃ፣ አሸዋ፣ እርሳስ። አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ሦስቱ ልጆች ተማክረው ይበራል ወይ አይበራም ብለው ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ከመሞከራችሁ በፊት ነው! ቀድሞ ያልገመተ ልጅ ውጤቱን ሲያይ «አውቀው ነበር» ይላል። የጻፈ ግን ስህተቱ በገዛ እጁ ጽሑፍ ፊቱ ተቀምጧል።

ደረቅ ጨው ላይ ግማሽ ክፍል ይሳሳታል። «አዮኒክ ስለሆነ ያስተላልፋል» ብለው ይጽፋሉ። አይበራም። ለምን ብትሏቸው «ኤሌክትሮን የለውም» የሚል መልስ ትሰማላችሁ። ኤሌክትሮንማ ሞልቶታል። የሚንቀሳቀስ ነገር ነው ያጣው። አዮኖቹ፣ ማለትም ኤሌክትሮን አጥቶ ፕላስ የሆነው ሶዲየምና ኤሌክትሮን አግኝቶ ማይነስ የሆነው ክሎራይድ፣ በየቦታቸው ተቸንክረዋል። ውሃ ሲገባ ይለቀቃሉ፤ ከረንቱን ተሸክመው የሚሄዱት ራሳቸው አዮኖቹ ናቸው። ብዙ ልጆች በጨው ውሃ ውስጥም ኤሌክትሮን የሚዋኝ ይመስላቸዋል። እዚህ ጋ ቆም በሉና አስተካክሉ። ሽቦዎቹን ውሃው ውስጥ ረጅም ጊዜ አታቆዩ። ኔጋቲቩ ላይ የምታዩአቸው አረፋዎች ሃይድሮጅን ናቸው፤ በሌላው በኩል ትንሽ ክሎሪን ሊወጣ ይችላል። መስኮት ይከፈት።

አምና አንዱ ልጅ ከምሳ ዕቃው ሎሚ አውጥቶ አመጣ። ሽቦዎቹን ሰካናቸው፤ በራ። «እና ሎሚ አዮኒክ ነው?» እኔ አላዘጋጀሁትም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሎሚ በፌስታሌ ውስጥ አይጠፋም። የሎሚው ሲትሪክ አሲድ በኮቫለንት ቦንድ የተሠራ ሞለኪውል ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ሃይድሮጅኑን አዮን አድርጎ ይለቃል። ስለዚህ አንድ ፈሳሽ ሲያስተላልፍ የምናውቀው አሁን በውስጡ አዮን እንዳለ ብቻ ነው። ዕቃው መጀመሪያውኑ አዮኒክ ነበር ለማለት አይበቃም። የትኛውም ወርክሺት ይህን እንደዚያ ሎሚ አላስረዳልኝም።

እርሳሱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። መሃሉ ያለው ግራፋይት ካርቦን ነው፤ ካርቦኖቹ እርስ በርስ የተያያዙት በኮቫለንት ነው፤ ግን ይበራል። እያንዳንዱ ካርቦን ከአራቱ ቫለንስ (የውጨኛው ዙር) ኤሌክትሮኖቹ በሦስቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ይያያዛል፤ አራተኛው በንጣፉ ላይ እንደልቡ ይንሸራሸራል። «ኮቫለንት አያስተላልፍም» ብለው ያጠኑ ልጆች ፊት ላይ የሚታየውን ማየት ነው! ለስላሳውን እርሳስ ተጠቀሙ፤ 2ቢ ካለ ግሩም ነው። ጠንካራው ሸክላ ስለሚበዛበት ይደክማል።

ቀጥሎ ማንኪያው። ይህን ራሳችሁ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ሥሩት፤ እጀታውን በጨርቅ ያዙ። አንዱ ላይ ስኳር፣ አንዱ ላይ ጨው፤ ከሥር ሻማ። ስኳሩ ቶሎ ይቀልጥና ይቡናል፤ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። ከሰዓት ፈረቃ ከሆናችሁ የራባቸው ልጆች ያጉረመርማሉ። ጨው አንዳንዴ ይንጣጣል እንጂ አይቀልጥም። የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ በሻማ የሞቀ ማንኪያ እዚያ አይደርስም። ስኳር 186 አካባቢ ይበቃዋል። ሻማውስ? እሱ ራሱ እየቀለጠ አይደል።

እዚህ ጋ ወጥመድ አለ። ልጆቹ «ኮቫለንት ሁሉ ቶሎ ይቀልጣል» ብለው ይደመድማሉ። አሸዋውን ያን ጊዜ አንሡ። አሸዋ ውስጥ በብዛት ያለው ሲሊኮን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ኮቫለንት ነው፤ የሚቀልጠው ግን ወደ 1,700 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስኳር ሲቀልጥ የሚላቀቁት ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ናቸው፤ ውስጣቸው የሚነካው መቡነን ሲጀምር ነው። አሸዋ ውስጥ ግን የሚላቀቅ ሞለኪውል የለም፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ የኮቫለንት መረብ ነው። ለማቅለጥ ራሱን ኮቫለንት ቦንዱን መበጠስ ግድ ይላል።

ከዚያ መዶሻ። የመዳቡን ጫፍ ምቱት፤ ይጠፈጠፋል። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ገብቶ የሚያውቅ ልጅ ካለ ያስረዳላችኋል፤ በርሜሉ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቀጥ ውሎ ምድጃ ይሆናል እንጂ አይፈረካከስም። አሞሌውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ምቱት፤ ይሰባበራል። ለምን? መልሱን አትንገሩ። ለሚቀጥለው ፔሬድ ይቆይ።

ልትወጡ አምስት ደቂቃ ሲቀር ጥቂት ጨዋማ ውሃ ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሱና ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ጋ አስቀምጡ። ሰሌዳው ላይ ይህን ጥያቄ ብቻ ትታችሁ ውጡ፦ «አፋር ውስጥ አፍዴራ ሐይቅ ላይ ውሃው ሲተን ጨው ይሠራል። እዚያ ማን ለማን ኤሌክትሮን ሰጠ?»

ሁለተኛው ፔሬድ፣ ሳህኑ ከደረቀ በኋላ

ይህች ጥያቄ የክለሳው እምብርት ናት። ቸኩላችሁ እንዳታልፏት።

ሳህኑ ላይ ጨው ተሠርቷል። ማጉያ መነጽር ካላችሁ አሳዩአቸው፤ ሜዳማ ፊት ያላቸው ትንንሽ አራት ማዕዘን ነገሮች ናቸው። አሁን ጠይቁ። ልጆቹ ወዲያው «ሶዲየም ለክሎሪን ሰጠ» ይላሉ። መቼ? ውሃው ውስጥ እኮ ከመጀመሪያውም የነበሩት አዮኖች ናቸው፤ ኤልኢዲዋ ስትበራ በአይናችሁ አይታችኋል። ሶዲየሙ ኤሌክትሮኑን ካጣ ቆይቷል፤ ክሎራይዱም ካገኘ ቆይቷል። ሳህኑ ላይ ማንም ለማንም ምንም አልሰጠም። ቦንዱ ግን እዚያው መስኮት ላይ ተሠራ።

ያኔ ነው ነገሩ የሚበራላቸው። አዮኒክ ቦንድ ማለት ስጦታው አይደለም። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ የሚሳሳቡበት ጉልበት ነው። ትራንስፈሩ አዮኖቹ የሚፈጠሩበት አንዱ መንገድ ነው እንጂ ትስስሩ ራሱ አይደለም። መጻሕፍቱም እኛም ሁሌ አንድ ሶዲየም፣ አንድ ክሎሪን፣ በመሃል ቀስት እየሳልን ነው ያጠፋነው። ከዚህ ሥዕል የተነሣ ልጁ ጨው ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ሞለኪውሎች ይታዩታል።

ይህን የሞለኪውል ሥዕል ለማፍረስ ልጆቹን አስነሡ። አሥራ ስድስት ልጅ ይበቃል። ለግማሾቹ ፕላስ (ሶዲየም)፣ ለግማሾቹ ማይነስ (ክሎራይድ) የተጻፈበት ወረቀት ስጡና አራት በአራት ሆነው፣ ፕላስ ከማይነስ እየተቀያየረ ይቁሙ። መሃል ላይ የቆመችውን ሶዲየም «የትኛው ክሎራይድ ነው ያንቺ?» በሏት። እኔ የጠየቅኳት ልጅ ከፊቷ አየች፣ ከኋላዋ አየች፣ ግራ ቀኝ ዞረች፣ «ሁሉም» አለች። በቃ። ከላይና ከታች ሁለት ጨምሩበት፤ ስድስት ይሆናሉ። ክሎራይዱም በተራው በስድስት ሶዲየም ተከቧል። «ኤንኤሲኤል» የሚለው የጨው ፎርሙላ አንድ ለአንድ መሆናቸውን የሚናገር ቁጥር ነው እንጂ ባልና ሚስት መሆናቸውን አይደለም።

ሳይቀመጡ አንዱን ረድፍ በአንድ እርምጃ ወደ ጎን እንዲሄድ እዘዙ። አሁን ፕላስ ከፕላስ ፊት ለፊት ተፋጠጠ። «ምን ይፈጠራል?» ይገፋፋሉ። ረድፉ ይለያያል። አሞሌው መዶሻ ሲያርፍበት የሆነው ይኸው ነው። ከዚያ ሁላችሁም ፕላስ ናችሁ በሏቸውና ባቄላውን እፍኝ አድርጋችሁ በመሃላቸው በትኑት። አሁን ረድፉ ቢንሸራተትም በመሃል የሚያስታርቅ ኤሌክትሮን አለ። መዳቡ የተጠፈጠፈው በዚህ ነው። ባቄላውን ሳትለቅሙ ግን እንዳትወጡ፤ ከሰዓቱ ፈረቃ ይረግጠዋል።

ሜታሊክን ድሮ በዕቁብ ነበር የማስረዳው። ሁሉም ያዋጣል እያልኩ። አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ዕቁብ እኮ ተራ ይደርሳል፤ ይሄ ዕድር ነው የሚመስለው» ብላ አረመችኝ። ልክ ናት። ሁሉም አዋጥቷል፣ ገንዘቡ የማንም አይደለም፣ ሁሉንም አንድ ላይ ይዟቸዋል። የዕድር ብር ገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጣል፣ ኤሌክትሮኑ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ምሳሌው እዚያ ላይ ያበቃል። ይህንንም ንገሯቸው። የት እንደሚያበቃ ያልተነገረው ምሳሌ ራሱ ስህተት ሆኖ ይቀራል።

ወደ ኮቫለንት። ዴስኩ ላይ በጠመኔ ሁለት ክብ ይሳሉ፣ ትንሽ ይደራረቡ። አንዱ ክሎሪን ሰባት ሽምብራ፣ ሌላው ሰባት ባቄላ፤ ፍሬዎቹ የውጨኛው ዙር ኤሌክትሮኖች ናቸው። ሁለቱም ስምንት እንዲሞላላቸው አንድ ሽምብራና አንድ ባቄላ በሚደራረቡበት ቦታ ይቀመጣሉ። ይህን ይወዱታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ «ሼር» የምትለዋ ቃል። የዛሬ ልጅ ሼር ሲባል የሚያስበው ፌስቡክን ነው። ፎቶ ሼር ብታደርጊ ያንቺም አለሽ፣ የሱም አለው፣ ሁለት ሆነ። እዚህ ግን የሚባዛ ነገር የለም። ያው አንድ ጥንድ ነው ከሁለቱም ወገን የሚቆጠረው። አሥራ አራት ፍሬ ይዘው ገብተው አሥራ ስድስት ብለው የሚጽፉ ልጆችን ስህተት ያገኘሁት ከዚህ ቃል ነው። አስቆጥሯቸው፦ ዴስኩ ላይ ስንት ፍሬ አለ? አሥራ አራት።

ኤሌክትሮንን በነጥብ መሳሉን ያመጣው አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1916። እኛ ዘንድ የሰገሌ ጦርነት የሆነበት ዓመት መሆኑ ነው። «ኮቫለንስ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላው አሜሪካዊ ኬሚስት ላንግሙር አወጣው። ለፈተና አይጠየቅም፤ ግን ልጆቹ ይህ ነገር ሰው ተቀምጦ ያሰበው መሆኑን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ሌላው ማስታወሻ፦ «አቶሙ ስምንት ሲሞላለት ደስ ይለዋል» ማለት ትቻለሁ። አንዱ ልጅ ፈተና ላይ ቦንድ ለምን ይፈጠራል ተብሎ «ለደስታ» ብሎ ጻፈ። ጥፋቱ የኔ ነበር።

የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ (አቶሙ በቦንድ ውስጥ ኤሌክትሮን ወደ ራሱ የሚስብበት አቅም) ልዩነት 1.7 ከበለጠ አዮኒክ፣ ካነሰ ኮቫለንት የምትለዋን ሕግ ብዙ ጊዜ አልሰጣትም። ሁለት ምሳሌ ብቻ አሳያለሁ። ሃይድሮጅን 2.20፣ ፍሎሪን 3.98፤ ልዩነቱ 1.78። በሕጉ ከሄድን ሃይድሮጅን ፍሎራይድ አዮኒክ ነው። ግን 20 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ፣ ሞለኪውል ያለው ነገር ነው። ሊቲየም 0.98፣ አዮዲን 2.66፤ ልዩነቱ 1.68። በሕጉ ኮቫለንት። እሱ ግን እንደ ጨው ያለ ነገር ነው። ስለዚህ 1.7 የግምት መስመር ናት፤ አጥር አይደለችም። ምርጫ ጥያቄ ሲመጣ ይጠቀሙባት፣ ዕቃው ራሱ ሌላ ከተናገረ ዕቃውን ይመኑ።

ከዚያ እጃችሁ ላይ ያለውን ጠመኔ ከፍ አድርጉ። የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ አብዛኛውን ጊዜ ከጂፕሰም፣ ማለትም ከካልሲየም ሰልፌት ነው። አዮኒክ ነው ወይስ ኮቫለንት? ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ካልሲየሙና ሰልፌቱ በአዮኒክ ይሳሳባሉ፤ ሰልፌቱ ውስጥ ሰልፈሩና ኦክስጅኖቹ በኮቫለንት ተያይዘዋል። ሜታልና ሜታል ያልሆነ ነገር ሲገናኝ አዮኒክ፣ ሌላው ኮቫለንት ብሎ መለየት የለመደ ልጅ እዚህ ይቆማል፤ መቆሙ ጥሩ ነው።

የድስቱ ክዳን

ጊዜ ከቀረ፣ ባይቀርም ከሌላው ቀንሳችሁ፣ ይህን ጠይቁ፦ ውሃ ሲፈላ የሚበጠሰው ምንድን ነው? ከክፍሉ አብዛኛው ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተለያይተው ይወጣሉ ብሎ ያምናል። በቃል አይናገሩትም፤ ሥዕል ሲሳሉ ነው የሚታየው። ስለዚህ አስሏቸው። እንፋሎቱ ውስጥ ምን እንዳለ ይሳሉ።

ከዚያ የሽሮ ድስት ክዳን አስታውሷቸው። ክዳኑን ስታነሡ ከውስጥ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው? ውሃ። ውሃው ተበጣጥሶ ጋዝ ቢሆን ኖሮ ክዳኑ ላይ ማን መልሶ ገጠመው? ማድ ቤቱስ በሃይድሮጅን ተሞልቶ ከሰል ባለበት ምን ይሆን ነበር? ይስቃሉ፤ ግን ገብቷቸዋል። ሲፈላ የሚላላው በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው ሃይድሮጅን ቦንድ ነው። በቁጥር ለሚወዱ፦ አንድ ሞል (18 ግራም ገደማ) ውሃ ለማትነን 41 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። በውስጡ ያሉትን የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቦንዶች በሙሉ ለመበጠስ ግን ከ900 በላይ ያስፈልጋል። እኛ ከተማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላው የሚያስቸግረን ለዚህ ነው። በዚህ ሙቀት ኮቫለንት ቦንዱ ዞር ብሎም አያይ።

አንድ ስህተት ከባዮሎጂ ክፍል ይዘው ይመጣሉ፤ «ቦንድ ሲበጠስ ኢነርጂ ይወጣል» የሚል። ከተበላሸ ስፒከር የወጡ ሁለት ማግኔቶች ስጧቸው። ለማላቀቅ ማን ነው የሚደክመው? ራሳቸው። ሲገናኙስ? ጧ ብለው ይጣበቃሉ። ኢነርጂ የሚወጣው ቦንድ ሲሠራ ነው። ከዚህ በላይ አላብራራም።

በመጨረሻው ሰባት ደቂቃ ሩብ ወረቀት አስቀድጄ ሦስት ጥያቄ እሰጣለሁ። ስም አያስፈልግም፤ ማርክም የለውም። አንደኛ፦ አንድ ነጭ ዱቄት ደርቆ አያስተላልፍም፣ ውሃ ውስጥ ያስተላልፋል፣ በሻማ አይቀልጥም፤ ምን ሊሆን ይችላል፣ ለምን? ሁለተኛ፦ ጨው ውስጥ ስንት ሞለኪውል አለ? ሦስተኛ፦ እርሳስ ለምን ያስተላልፋል? ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ቁጥር ለማስላት የሚሞክር ካለ ያ ልጅ አሁንም ጥንዶቹን ነው የሚያየው። ወረቀቶቹን ማታ ስታዩ እነሱን ለብቻ አስቀምጡ። በነጋታው ስም ጥሪ ላይ ሦስት ደቂቃ ወስዳችሁ አራት በአራት መቆሙን ብትደግሙት አይከፋም።

ሳህኑ ላይ ደግሞ «አይደፋ፣ የኬሚስትሪ ነው» ብላችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ክፍሉን የሚያጸዱት እናት የኔን ሁለት ጊዜ አጥበው፣ አድርቀው፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኛል።